ፊቱ ከታች የሆነ ድብዳብ

እኔ የመኪና ወንበር አልባሽ ነኝ። አዳማ ውስጥ ስንት ባጃጅና ስንት ሚኒባስ እኔ የሰፋሁትን ለብሶ እንደሚሽከረከር አላውቅም። ግን ታክሲ ውስጥ ገብቼ በተቀመጥኩ ቁጥር በጣቴ ስፌቱን ዳሰስ አድርጌ «ይሄ የእኔ ነው» ወይም «ይሄንን ደግሞ ማን አበላሸው?» ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ጉራ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ጉራ ነው። በእጄ ሠርቼ ያመጣሁት ስለሆነ አላፍርበትም።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ሴት ልጅ መርፌና ሙጫ ይዛ ሚኒባስ ውስጥ ተጋድማ ሲያይ ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም። እሱ ግን «መጀመሪያ እጇን እዩ፣ ከዚያ ትስቃላችሁ» ይላቸው ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ሱቁን ብቻዬን ይዤ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። ወንበር ሠርቼለት «አልተመቸኝም» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አላውቅም ነበር። አንድ ፈረስ እስኪመጣ ድረስ።

አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ ሱቄ በር ላይ ባጃጅ አስቁማ፣ ከሾፌሩ ጋር እየተጋገዘች አንድ ከባድ የቆዳ ነገር አወረደች። ልጅቷ እዚሁ ከተማ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ንግግሯ ረጋ ያለ። ያወረደችው ነገር ኮርቻ መሆኑን አወቅኩ፤ ግን እኛ አገር የምናየው ዓይነት ኮርቻ አይደለም። በግራና በቀኝ የተንዘረፈፈ ሰፊ ቆዳ አለው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ እንደ በር እጀታ ያለ ቀንድ ቆሟል። ፊልም ላይ ካውቦዮች ገመድ የሚያስሩበት ማለት ነው።

«እትዬ፣ ወንበር ያለብሳሉ ብለውኝ ነው» አለችኝ።

«ወንበርስ አዎ» አልኳት። «ይሄ ግን ወንበር ነው ወይስ ቀንድ ያበቀለ ሶፋ?»

ሳቀችና ነገሩን አስረዳችኝ። ቤተሰቦቿ ከዴራ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት። አባቷ በወጣትነታቸው ኩየራ አካባቢ ለአንድ ፈረንጅ የከብት ሐኪም ሠርተው ነበር፤ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮርቻውን ለእሳቸው ሰጥቷቸው ሄደ።

«አባቴ ሁለቱን እህቶቼን በዚህ ኮርቻ ላይ ሆነው ነው እስከ አስፋልቱ የሸኙት» አለች። «እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ሠርጌ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አሁን ግን ጀርባው ተጎዳ። ኮርቻው አልተመቸውም። ከሥሩ የሚሆን ጥሩ ነገር ይሥሩልን። ለሠርጉ ካልዳነ አባቴ ሁለተኛ ኮርቻ የሚባል ነገር አላይም ብለዋል።»

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። «ሸኙት» ስትል አባቷን አከበረች፤ «ጀርባው» ስትል ግን ያቀለለቻቸው መሰለኝ። ልጅቷ ኦሮሞ ናት፣ አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ አንቱና አንተ ተምታቶባታል ብዬ በሆዴ አረምኳት። ይባስ ብዬ ላስተምራትም ቃጣኝ። «አይዞሽ፣ እንዲመቻቸው አድርጌ እሠራዋለሁ» አልኳት፤ «ቸው» የምትለዋን ጫን አድርጌ። ልጅቷ አየት አደረገችኝና ኮርቻውን ትታልኝ ሄደች።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ! የሽማግሌ ወገብ ነው ብዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠበብኩ። ምርጥ ስፖንጅ መረጥኩ፣ በደማቅ ቀይ ልብስ አለበስኩት፣ ላዩን በአራት ማዕዘን ስፌት አስዋብኩት፣ ኮርቻው ላይ የሚታሰርበት ጠፍር ሠራሁለት። ስትመጣ ዝም ብዬ ላስረክባትም አልፈለግኩም። ሰውየው ሲቀመጡበት ፊታቸውን ማየት አማረኝ። ምስጋናውን በጆሮዬ ልሰማው ነዋ! ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ፣ ኮርቻውን አስጭኜ፣ ከልጅቷ ጋር በአሰላ መንገድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አስፋልቱ ዳር ወርደን በአቧራማው መንገድ በእግራችን ወደ ላይ ወጣን።

አባቷ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው እንኳ ጎንበስ የማያውቁ ሰው ናቸው። «አካም ጅርቱ!» ብለው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። እኔ ደግሞ ከሰላምታው ቀጥዬ «አባባ፣ ጀርባዎን እንዴት አደረገዎት?» አልኳቸው።

«የማንን ጀርባ?» አሉ።

«የእርስዎን ነዋ። ልጅዎ ጀርባው ተጎዳ ብላኝ…»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ቀዩን ትራስ እንደ ሕፃን አቅፌ መሀላቸው ቆሜያለሁ።

«እትዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እኔ የፈረሱን ነው ያልኩት። አባቴንማ በአማርኛም በኦሮምኛም አንተ ብዬ አላውቅም።»

ወይ ጉዴ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የእሷ አማርኛ አንዲት ፊደል እንኳ አልተዛነፈም ነበር። የተዛነፈው የእኔ ጆሮ ነው። ደግሞ ማን ማንን ያርማል? አባቴን እስኪሞት ድረስ አንተ እያልኩ ያደግኩ የከተማ ልጅ! «ይቅርታ አድርጊልኝ የእኔ ልጅ፣ ንቄሽ ነበር» አልኳት። እንደዚያ ብዬ በግልጽ ባልናገር ኖሮ ወደ ከተማ የምመለስበት ፊት አልነበረኝም።

ሽማግሌው ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። ትራሱን ተቀብለው ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ለእኔ ነው፤ ተመችቶኛል» አሉ። «አሁን ደግሞ የታመመውን ላሳይሽ።»

ዳማ ፈረስ ነው፤ ግቢው ጥግ ጥላ ሥር ታስሯል። ስንጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ከትከሻው ጉብታ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። ገጣባ የሚለውን ቃል ለአህያ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ በዓይኔ አስተውዬው ግን አላውቅም። የእኔ ሙያ ተቀማጩን እንጂ ተሸካሚውን አያይም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ሽማግሌው። ሳቃቸው የት እንደገባ እንጃ። የእኛ አገር ድብዳብ፣ ማለት ከኮርቻ ሥር የሚነጠፈው፣ ለእኛ ኮርቻ ልክ ትንሽ ነው፤ ይሄ የፈረንጅ ኮርቻ ግን ሰፊ ስለሆነ ጠርዙ ከድብዳቡ አልፎ ባዶ ቆዳ ላይ ያርፋል። ከኮርቻው ጋር የመጣው ድብዳብ አርጅቶ ካለቀ በኋላ ብርድ ልብስ አጣጥፈው ሞከሩ፤ እጥፋቱ ተሸበሸበና ፋቀው። ከፍራሽ የተረፈ ስፖንጅ ሞከሩ፤ እሱ ደግሞ አሞቀውና አላበው፣ ከዚያ ላጠው።

«ሁለቱን ልጆቼን በዚህ ፈረስ ሸኝቻለሁ» አሉ። «ይቺን በእግሬ ብሸኛት ምን አጠፋሁ ትላለች። ግን ይሄ ጀርባ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተከፈተ፣ ሁለተኛ ኮርቻ አልጭንበትም። ምሎ የተናገረ ሰው ነኝ።» ልጃቸው ይሄንን ስትሰማ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

እኔም ይሄ ጀርባ በእኔ ሥራ አይከፈትም ብዬ ማልኩ። አፍ አውጥቼ ሳይሆን በሆዴ።

መለኪያ የሚባል ነገር ለፈረስ አላውቅም፤ ለወንበር ግን አውቃለሁ። ጠንካራ የመብራት ሽቦ አስመጥቼ፣ ጀርባው ላይ በሦስት ቦታ እየጫንኩ ቅርጹን ያዝኩና በካርቶን ላይ አሰመርኩት። ፈረሱ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ላይ አፍንጫውን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ መተንፈስ ጀመረ። ቁስሉ እስኪድን ማንም እንዳይጋልበው ተስማማንና ካርቶኔን ጠቅልዬ ወረድኩ።

ሱቄ ውስጥ የማውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ መረጥኩ። ስፖንጁን በአውራ ጣቴ ስጫነው እስከ ታች ይሰምጣል፤ ኮርቻና ሰው ሲጫነው ምን ይሆናል ብዬ ጣልኩት። ለታክሲ የምጠቀምበት የሚያብረቀርቅ ልብስ ዓይን ይስባል፣ ግን ላብ አይጠጣም፣ ያንሸራትታል። እሱንም ጣልኩት። ገበያ ወጣሁና የበግ ፀጉር ባና ገዛሁ፤ ያ ከደጋ የሚመጣው፣ ወፍራሙ፣ ሲነኩት የሚቆረቁር የሚመስል። አጥቤ፣ አድርቄ፣ እንደገና አጥቤ ደበደብኩት፤ ሲጠጋጋ እንደ ጥሩ ቆዳ ሆነ። እጅ ሲጫነው ይሸሻል፣ ግን አይሰምጥም። «አንተ ነህ!» አልኩት ብቻዬን፣ ጨርቁን። ያን ዕለት ሱቄ ውስጥ ሰው ቢኖር አበደች ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ድብዳብ ባለ ሦስት ድርብ አድርጌ ሠራሁት። ለእኔ መመቸት ማለት መወፈር ነበር። ላዩን በሸራ ለበጥኩት፣ ዙሪያውን በቆዳ ከፈፍኩት። አምሮብኛል። ቁስሉ ጠግጎ ፀጉር ማውጣት ሲጀምር ይዤው ወጣሁ።

ሽማግሌው ላዩን ዞር ብለውም አላዩት። ገለበጡትና መዳፋቸውን ከሥሩ አሳለፉ፤ ቀስ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። አንድ ቦታ ቆሙ። ሌላ ቦታ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የክሩ ቋጠሮ ነው። እኔ ቋጠሮዬን ሁሉ ታች ነው የምደብቀው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እንደዚያ ነው፤ ታች ማለት የማይታይበት፣ ክር የሚቋጠርበት፣ የተረፈ ጨርቅ የሚታጠፍበት።

«ለመኪና ታቹ ጀርባ ነው» አሉኝ። «ለፈረስ ግን ታቹ ፊት ነው። አስጊጠሽ ያመጣሽልኝ ጀርባውን ነው።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ማን ደፍሮ የእኔን ስፌት እንዲህ ብሎት ያውቃል! ግን እውነታቸውን ነው። «ለማንኛውም ይጫኑትና እንየው» አልኩ ኩርፍ ብዬ። ጭነውት ግቢውን ዞር ዞር አሉና ወደ ማሳው ወጣ ብለው ተመለሱ። ውፍረቱ ኮርቻውን ከፍ አድርጎት በየመታጠፊያው ይንሸራተታል። ከወረዱ በኋላ ድብዳቡን አነሱና ጠሩኝ።

«መዳፍሽን አሳርፊ» አሉኝ። ጀርባው በላብ ርሷል። ከትከሻው ጉብታ ኋላ ግን፣ በግራ በኩል፣ እንቁላል የሚያህል ደረቅ ቦታ አለ። እኔ ደረቅ መሆኑ ጥሩ መስሎኝ ነበር። «ሁሉም እኩል ከራሰ ሸክሙ እኩል ተካፍሏል ማለት ነው» አሉ። «ደረቁ ተጭኖበት ላብ እንኳ መውጣት ያቃተው ቦታ ነው። ነገ የሚቆስለው እዚያ ነው።» ያ ደረቅ ቦታ ያው የድሮው ቁስል ነበር።

በዚያ ቀን ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ድብዳቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ክሩን በምላጭ እየፈታሁ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ኧረ እዚሁ?» ብትለኝ «እዚሁ!» አልኳት። ቤት እስክደርስ መታገስ አቃተኝ።

አንዱን ድርብ አወጣሁ። መሀሉን፣ አከርካሪው በሚያልፍበት፣ ከላይ እስከ ታች ባዶ አደረግኩት፤ አጥንቱ ላይ ምንም እንዳያርፍ፣ አየርም እንዲገባ። የትከሻው ጉብታ ጋ ቀና አድርጌ ቆረጥኩት። ከኮርቻው ጠርዝ በዙሪያው አራት ጣት ይተርፋል። ቋጠሮውን በሙሉ ወደ ላይ አመጣሁት። ታቹ በሁለቱም ጎን አንድ ወጥ ባና ነው፤ ስፌት የለው፣ ክር የለው። ላዩ ላይ ቋጠሮው ተደርድሮ ሲታይ ጀማሪ የሰፋው ነው የሚመስለው። ሱቄ የመጣ አንድ ደንበኛ አይቶት «ይሄንንስ ሌላ ሰው ነው የሰፋው» አለኝ። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። እንደዚያ ያለ የምኮራበት ሥራ በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ታቹን ሲዳስሱ እጃቸው አንድም ቦታ አልቆመም። «እሺ» አሉ። ግን ከሠርጉ በፊት አጭር አጭር እየጋለቡ ቆይተው እንኳ፣ ድብዳቡ በረጅሙ መንገድና በትልቁ ግርግር የሚፈተነው በዚያች ቀን ብቻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ የወጣ ቆዳ ስስ ነው።

የሠርጉ ቀን የሙሽራው ወገን ከአዳማ በመኪና መጣ። ተበላ፣ ተዘፈነ፣ ተመረቀ። ከዚያ ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ገባች፣ የሰፈሩ ፈረሰኞች ከፊትና ከኋላ ሆኑ፣ አባቷ በዳማው ላይ ከልጃቸው መስኮት ጎን ለጎን ወጡ። ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ ክላክሱ፣ አቧራው! ፈረሰኞቹ ሲሸመጥጡ ዳማውም አብሮ ካልሸመጠጥኩ አለ፤ ሽማግሌውም ለቀቁት። እኔ ሦስተኛው መኪና ውስጥ ሆኜ አንገቴን በመስኮት አውጥቻለሁ። ሰው ሁሉ ሙሽራ ያያል፤ እኔ የማየው ድብዳብ ነው። ተንሸራተተ? አልተንሸራተተም። ፈረሱ አሞት ጀርባውን ሰበረ? አልሰበረም። ልቤ ግን አንድም ጊዜ ቦታዋ ላይ አልነበረችም።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሁሉም ቆመ። አባት ሸኝተው የሚመለሱት እዚያ ነው። ሽማግሌው ወረዱ፣ የሆዱን ማሰሪያ ፈቱ፣ ኮርቻውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉና እንደዘረጉ ቀሩ።

«እኔ አላይም» አሉ። ከዚያ እኔን ፈልገው አገኙኝ። «አንቺ እይልኝ።»

እኔም አልቻልኩም። ያ ሁሉ ጉራዬ የት ገባ? ክላክስ የሚነፋው እንኳ አቆመ።

የሙሽራዋ መኪና በር ተከፈተ። ልጅቷ ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በአቧራው ላይ እየረገጠች መጣች። ሚዜዋ «ኧረ ልብስሽን!» እያለች ተከተለቻት። ኮርቻውን አባቷ ብድግ አደረጉት፣ ልጅቷ ድብዳቡን ገለጠች፣ ነጭ ጓንቷን ሳታወልቅ መዳፏን ከትከሻው ጉብታ ኋላ አሳረፈች። ከዚያ ወደ ታች እስከ ወገቡ ድረስ፣ በግራ፣ ቀጥላም በቀኝ አሳለፈችው። ፈረሱ ዝም ብሎ ቆሞላታል።

እጇን አነሳችና አየችው። ጓንቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በላብ ርሶ ቡናማ ሆኗል፣ የፈረስ ፀጉር ተለጥፎበታል። ቀይ ነገር የለበትም። መዳፏን ዘርግታ ለአባቷ አሳየቻቸው።

«ሙሉውን ርሷል፣ አባዬ» አለች። «ደረቅ የለም። ደምም የለም።»

ሽማግሌው ያንን የቆሸሸ ጓንት በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «እንግዲህ ሂጂ» አሏት። እኔ ደግሞ በአደባባይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መኪኖቹ ሲሄዱ ሽማግሌው ኮርቻውን መልሰው አልጫኑትም። «ለዛሬ ደክሟል፣ ይብቃው» አሉና ያንን ከባድ ነገር ራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት። ድብዳቡን እኔ ተሸከምኩ። ዳማው ባዶ ጀርባውን መሀላችን ሆኖ ዳገቱን ወጣን። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ደንግጦ «ምነው፣ ፈረሱ ምን ሆነ?» ሲል፣ ከሽማግሌው ቀድሜ «ምንም አልሆነም!» እያልኩ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።